እስከ መስኮቱ ድረስ

ውድ ቲቸር፣

ይህን የምጽፍልዎ ከፈተናው ክፍል ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ፈተናው የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነው። ተራ ቁጥሬ አሥራ ዘጠኝ ሲሆን አሁን አሥራ ሰባተኛው ገብቷል። ከወደቅኩ ክፍል እደግማለሁ።

ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻርፕ ጠምጥሜ የመጣሁት ትዝ ይልዎታል? ውሸቴን ነበር። ለካ ነቅተውብኛል፤ አንድ ቀን "ነይ እስኪ፣ ለልጆቹ ጀርባሽን ስጪና ለግድግዳው አውሪው። ግድግዳ አይስቅብሽም" አሉኝ። አወራሁት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በየተራ ለግድግዳው ማውራት ጀመርን። ራዲዮ የምንለው እንኳን፣ ያ በራሳችን ቋንቋ አፉ የማይከደነው፣ እንግሊዝኛ ሲባል ግን ጭጭ የሚለው ልጅ፣ ስለ አጎቱ ጋራዥ ሩብ ሰዓት አወራለት።

"ቀስ እያልኩ አዞራችኋለሁ" ብለውን ነበር። መጀመሪያ ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ወደ ሰው። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ተቀይሜዎታለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። አዲሱ መምህር በአንዴ ወደ ክፍሉ ሲያዞረን ከበፊቱም ባሰብን። የሰው ዓይን ሳይ የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋኛል።

ዛሬ ጠዋት እናቴ የደንብ ልብሴን እየተኮሰች "ምን ያስፈራሻል? ዝም ብለሽ አውሪ!" አለችኝ። ዝም ማለቱንስ እችልበታለሁ። ደህና ሆኜ ሳለሁ ዛሬም ያንን ሻርፕ ጠምጥሜ መጣሁ።

አሥራ ሰባተኛው፣ ራዲዮ፣ አሁን ወጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"አንዲት ቃል አልወጣኝም። ግድግዳውን ብፈልግ ከኋላዬ ነው።"

"ታዲያ አትዞርም ነበር?"

"አፈርኩ" አለኝና አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ጀመር። ይበልጥ ፈራሁ።

አሥራ ስምንተኛዋ ቀርታለች መሰለኝ፣ የእኔን ቁጥር እየጠሩ ነው። በበሩ በኩል አየሁ፤ መስኮቱ በስተግራ ነው። ፈታኟን አስፈቅጄ ወደ መስኮቱ ዞሬ እጀምራለሁ። ከዚያ ወደ እሷ የምትቀረውን ዙር እርስዎ ስለሌሉ ራሴው እዞራታለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ፣ ቲቸር።

ሻርፑን ፈትቼ ለራዲዮ ሰጥቼዋለሁ።

መስኮቱ ጋ ትተዋት የሄዱት ተማሪዎ