የአባዬ አስተርጓሚ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ዋሸሁ። ኦዩና "አባባ ጉልበቱን እንዴት አደረገው?" ብላ ጻፈች። "ትንሽ ተሽሎኛል፣ ብርዱ ሲያልፍ ይተወኛል ይልሻል" ብዬ መለስሁላት። አባዬ ከሞተ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ያረፈው በጥምቀት ማግስት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ሆኜ የምመልስላት እኔ ነኝ።

ለማንም መናገር ስላቃተኝ እዚህ ልጻፈው። አባዬ በወጣትነቱ የከብት ሕክምና ሊማር ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ከአንዲት ሞንጎሊያዊት ተማሪ ኦዩናን ወለደ። እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ፣ ወደ ኡላንባታር ገባች፣ እሱም ወደ ባሕር ዳር። ከሦስት ዓመት በፊት ኦዩና በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችን። እሷ የምታውቀው ሞንጎልኛ ብቻ ነው። እሱ አማርኛና ግማሹን የረሳው ሩሲያኛ። የስልኩን መተርጎሚያ ሞከርንና አባዬ ተቆጣ። "ከልጄ ጋር በማሽን አላወራም፤ አንቺ ተማሪ" አለኝ።

ተማርሁ። በኢንተርኔት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠዋት ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ ተማሪ ነኝ። አሁን ከመካከለኛ በላይ የሚባለው ደረጃ ደርሻለሁ። የዛሬው ርዕስ የከተማ አየር ብክለት ነበር። ስለ ከሰል ጭስ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተከራከርሁ። መምህሬ ቦሎር "ጎበዝ" አለችኝ። "አባታችን ሞቷል" ለማለት ግን አንደበት የለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

አክስቴ እናኑ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። ከቁንዝላ ለለቅሶ መጥተው እስካሁን እኔው ጋ አሉ። ዛሬ ለኦዩና ልነግራት ነው ብላቸው ጮኹብኝ።

"በስልክ? መርዶ በስልክ? ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ! ሰው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ደግፎ የሚይዛት ይኖራል፣ ከዚያ ነው የሚነገር። እሱም በንጋት!"

"አክስቴ፣ እነሱ አገር እንዲህ ያለ ልማድ ላይኖር ይችላል።"

"ለቅሶ የሌለበት አገር አለ እንዴ?"

እውነቱን ለመጻፍ፣ ሲከለክሉኝ ደስ አለኝ። መደበቂያ አገኘሁ።

ማታ ግን የኦዩና መልእክት መጣ። የዛሬ ሳምንት ዘመን መለወጫቸው ነው፤ "ነጭ ወር" ይሉታል። ታናሽ ታላቁን ቀድሞ ሰላም የሚልበት ቀን ነው። "ዘንድሮ በቪዲዮ የማየው አባቴን ነው። ፊቱን ካላየሁ በዓሉ አይጀመርም" ትላለች። እስካሁን ተኝቷል ብያለሁ፣ ኔትዎርክ የለም ብያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ብያለሁ። ሰው ስንት ቀን ይተኛል?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ከፖስታ ቤት እሽግ ውሰጂ ተባልሁ። ከኦዩና ነው። ከግመል ጠጉር የተሠራ የጉልበት ማሞቂያ፣ ጥንድ። እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሜ አለቀስሁ። ሠራተኛው የጎደለ ነገር ያለ መስሎት "አቤቱታ መሙላት ይቻላል" አለኝ።

በሐይቁ ዳር በኩል ተመለስሁ። እኔና አባዬ የምንቀመጥባት አግዳሚ ላይ ሁለት ተማሪዎች ሸንኮራ ይበላሉ። ሞንጎልኛ የሚጻፈው በሩሲያ ፊደል ስለሆነ አባዬ የትምህርቴን ምንባብ እዚያ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ያነብልኝ ነበር። አንድ ቃል አይገባውም፣ ግን እንደ ዜና አንባቢ ያወርደዋል። እኔ ደግሞ ይገባኛል እንጂ እንደሱ ማንበብ አልችልም። በስልኬ እየቀዳሁ ማታ እሰማው ነበር። ከሞተ ወዲህ አልከፈትሁትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቦሎር "ዛሬ የክርክሩ ሁለተኛ ክፍል ነው" ስትል ሁሉንም ዘረገፍሁላት። መሐል ላይ ኔትዎርኩ ተቋረጠና ለቅሶዬን እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብኝ። ስጨርስ ስለ አክስቴ ሕግ ጠየቀችኝ፤ ስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት። "እኔም እዚሁ ኡላንባታር ነኝ። እናቴን ይዤ እህትሽ ጋ እሄዳለሁ" አለች። እኔ እኮ አልለመንኋትም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ከአክስቴ ጋር ድርድር። የነሱ ሰዓት ከኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ሲነጋ እዚህ ገና እኩለ ሌሊት ነው። አክስቴ "ንጋቱ የእኛ ይሁን። አባቷ ያለው እዚህ ነው" አሉ። እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ሌላም የምጽፈው አለ። አባዬ በሕይወት እያለም ያለውን ብቻ አልነበረም የምተረጉመው። እሱ "ደህና ናት ወይ በያት" ይላል። እኔ "የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ፣ ናፍቀሽኛል ይልሻል" እላለሁ። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ላም ሲያክም እንኳ ከሰው ይልቅ ላሚቱን ነበር የሚያነጋግረው። መጀመሪያ ለሷ አዝኜ የማደርገው መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለኔ ብሎኝ የማያውቀውን፣ እንዲለኝ የምመኘውን ነው ለሷ የሰጠኋት። አፈርሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

የምናገረውን አዘጋጅቼ ለቦሎር አነበብሁላት። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። አረመችው። እነሱም ለታላቅ ሰው "ሞተ" ብለው አይናገሩም፤ አለስልሰው ነው የሚሉት። ስለዚህ አለሰለስነው።

አክስቴ ከኋላዬ፦ "መምህርሽ ስንት ሰው ነው ይዛ የምትሄደው?"

"የራሷን እናትና የኦዩናን የፎቅ ጎረቤት። ከራሷ ጋር ሦስት።"

"ይበቃል" አሉ። ተገላገልሁ።

እሑድ፣ የካቲት 8

አክስቴ ጥቁር ለብሰው፣ ሦስት የእድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ መሐል። ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፈን በርጩማ ላይ አቆምነው። ኦዩና እየሳቀች አነሳች። ወዲያው የሷ በር ተንኳኳ። ቦሎር፣ የቦሎር እናትና የፎቁ ጎረቤት ገቡ። ኦዩና እነሱን አየች፣ እኛን አየች፣ ጥቁሩን አየች። ካዘጋጀሁት ውስጥ የመጀመሪያውን እንኳ አልጨረስሁም።

ሴቶቹ ለቅሶውን ለቀቁት። እሷ አልጮኸችም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አክስቴ ስልኩ ላይ ተደፍተው "ያዟት! ያዟት በያቸው!" ይላሉ። "ያዟት" አልሁ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የተረጎምሁት። የቦሎር እናት ከኋላዋ አቀፈቻት።

ቀና ብላ "መቼ?" አለችኝ። ነገርኋት። በጣቷ ቆጠረች።

"ታዲያ ሲመልስልኝ የነበረው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ከዚያ በፊትስ? ናፍቀሽኛል ያለኝስ?"

አንድ ጊዜ ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። "እሱም እኔ ነኝ" አልሁ።

ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። ኦዩና ዝም ብላለች።

ለአክስቴ ያደረግሁትን ተናዘዝሁ። ዓይናቸውን ጠርገው "ወንድሜ? ናፍቀሽኛል? ማመኗ ነው የሚገርመኝ" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እህቴን ለማግኘት ሦስት ዓመት ተማርሁ፣ በአንድ ጠዋት አጣኋት።

ከሰዓት በኋላ የተቀዳውን ከፈትሁ። አሥራ አንድ ነው። አንደኛው ስለ ከሰል ጭስ ነው፤ ትምህርቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ያነበበልኝ፤ ሁለት ደቂቃ። ድምፁ! ከጀርባው የሐይቁ ወፎች ይሰማሉ፣ መሐል ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ላክሁላትና ከሥሩ ጻፍሁ፦ "ይህ እኔ አይደለሁም። እሱ ነው። የሚያነበው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አይታዋለች። አልመለሰችም። ትምህርት ነበረኝ፣ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ከክፍል ስወጣ ፎቶ መጥቶ አገኘሁ። ጠረጴዛ ላይ እንደ ግንብ የተደረደረ የበዓል ብስኩት፣ ነጭ በነጭ የወተት ምግብ። ታላቅ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ስልክ ቆሟል።

ከፎቶው ቀጥሎ ድምፅ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እንዲህ ትላለች፦ ጠዋት ስልኩን እዚያ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተች፤ በደንባቸው ታናሽ የታላቁን ክንድ ከሥር እንደሚደግፍ፣ እጆቿን ዘርግታ ስልኩን ከሥሩ ደገፈችው፤ አዲስ ዓመትህ ሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። "እሱም የከተማችን ጭስ በጣም አሳሳቢ መሆኑን ነገረኝ" አለች። ይህን ሲሰማ አጠገቧ ያለው ትንሹ ልጇ ሳቀ። እሷም ስትናገር ሳቀች። የጉልበት ማሞቂያውን ለአክስትሽ ስጫቸው ብላለች። አክስቴ አሁን አጥልቀውት ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ፤ ይሞቃል እያሉ ያማርራሉ፣ አያወልቁትም።

ስለ ውሸቴ ምንም አላለችም። ይቅርም አላለችኝ። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጻፈች። አንደኛው፦ "ሌላ የተቀዳ ካለ ላኪልኝ፣ ስለ ምንም ይሁን።" ስለ አውቶቡስ ትኬት ያለውን ላክሁላት። ዘጠኝ ቀርቶኛል።

ሁለተኛው፦ "አንቺስ ራስሽ እንዴት ነሽ?"

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ቦታ አልሰጠኋትም። ከምሳ ጀምሮ እየጻፍሁ አጠፋለሁ። ለቦሎር አላሳየሁትም። ስሕተት ይኖረዋል። እስካሁን የቀረው "ደህና አይደለሁም" የሚለው ብቻ ነው፤ እሱን ልልክላት ነው።