የሰላዩ ፊልም ክፍል ሁለት

የካቲት 3 ቀን 1979

የጂኦግራፊ ፈተና ነበረን። ስለ ወንዞች። ደህና ሠራሁ መሰለኝ። ስመለስ የቀበሌው ግድግዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የዚያ አስቂኝ ሰላይ ፊልም ክፍል ሁለት፣ እሁድ የካቲት 15 ከሰዓት በአዳራሹ። ክፍል አንድን የተረጎመው ወንድሜ ዘይኑዲን ነበር። አሁን ማን ሊተረጉመው ነው?

ለእማ አልነገርኳትም።

የካቲት 5

ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ክፍል አንድ የታየበትን ቀን ሳስብ ዋልኩ። አምና ነው። የፊልሙ መኪና ከደሴ መጣ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ሰው ከሸራው አጠገብ ቆሞ ጮክ ብሎ ይተረጉማል። የዘይኑ እንግሊዝኛ እንደኔው ነው፣ ግማሹን አይሰማም። ያልሰማውን ከራሱ ይሞላል። ሰው የሚወደውም ያንን ነው።

ሰላዩ ሽጉጡን ጫማው ውስጥ ይደብቅና ጫማው ይጠፋበታል። በአንድ ባዶ እግሩ እያነከሰ ዓለምን ያድናል። አለቃው ደግሞ ተኩስ በሰማ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እዚያ ሥር ሆኖ የሆነ ነገር ተናገረ። ዘይኑ፣ "ጓድ፣ አንተ ቅደም። እኔ እዚሁ ሆኜ ቆራጥ አመራር እሰጣለሁ" ብሎ ተረጎመው።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እየሳቀ የፊተኛውን ወንበር ያያል። የቀበሌው ሊቀመንበር ካሳ ነው የተቀመጠበት። እሱም ሳቀ... ጥርሱ ብቻ።

በሁለተኛው ሳምንት የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ወጣ። ዘይኑ አንደኛ።

የካቲት 6

ዘይኑ ከሞተ አራት ወር ሆነው። ከግንባር የተመለሰ አንድ የሮቢት ቁስለኛ ወታደር ነው የነገረን። ከጎኔ ወደቀ አለ። ወረቀት አልመጣም። ወረቀት ካልመጣ ደግሞ ቀበሌው ዘንድ ዘይኑ አልሞተም፤ ማልቀስ ወሬ ማናፈስ ነው። ሰደቃውን በር ዘግተን አወጣን። ከጎረቤት ደፍሮ የመጣ አንድ ፈንታው ነው፣ የክፍል ጓደኛዬ። ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋውን አልነካም። ቆሎ እየቆረጠመ እስከ ማታ አጠገቤ ተቀመጠ። 

የካቲት 9

ካሳ ቢሮው አስጠራኝ።

"ወንድምህ እንዴት ነው? ይጽፋል?"

እያወቀ። አይጽፍም አልኩ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አለ። ከዚያ፣ ፊልሙን አንተ ትተረጉማለህ አለኝ። ዕድሜዬን ጠየቀኝ። አሥራ ሰባት አልኩ፤ ለውትድርና አንድ ዓመት ይቀረኛል። በወረቀት ጻፈና ደረት ኪሱ ከተተው። ሌላ ምንም አልጨመረም። መጨመርስ ያስፈልገዋል?

የካቲት 10

ለእማ ነገርኳት። የምትለቅመውን ማሽላ አስቀመጠች። 

"ታሂር፣ ተናገር። ግን እንዳታስቅ።"

ፈንታው የሚፈልገው ሌላ ነው። የዘይኑን ያቺን ቀልድ ድገማት ይለኛል። ካንተ ሌላ ማን ይላታል? ወንድሙ አይደለህ? እምቢ ስለው ፈሪ አለኝ።

የካቲት 15፣ እሁድ

መስኮቶቹን በእህል ጆንያ ሸፍነዋቸው አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሏል። ከዋጃ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሁሉም የዘይኑን ወንድም ሊሰማ።

ሰላዩ ሲወድቅ "ወደቀ" አልኩ። ሲጮህ "ጮኸ" አልኩ። የሚስቅ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ፣ ይሄ ልጅ ቀብር ላይ ያለ መሰለው እንዴ አሉ። አዎ፣ መስሎኛል።

ከዚያ ያው አለቃ እንደገና ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ካሳም ዞረ። "አለቃው... ለሰላዩ ጠቃሚ ምክር ሰጡት" አልኩ።

ወዲያው ከኋላ አንድ ድምፅ የዘይኑን ቃል አለ። ሳያጓድል፣ "ቆራጥ አመራር" የምትለዋን እንደሱ እየጎተተ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እየሳቁ የሚያለቅሱ ሴቶች አየሁ። እኔም ሳቅኩ። ዘይኑ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲያልቅ ካሳ በር ላይ ጠበቀኝ። ጥሩ ተርጉመሃል አለ።

"ማነው የጮኸው?"

"ጨለማ ነበር። አላየሁም።"

"አየህ ወይ አላልኩህም። ድምፁን ታውቀዋለህ።" እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ። "አሥራ ሰባት ነው ያልከኝ?"

ፈንታው መሰለኝ አልኩ።

መሰለኝ... ምን መምሰል አለው? ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው።

የካቲት 16

ፈንታው ትምህርት ቤት በር ላይ አቀፈኝ። ስትስቅ አየሁህ አለ። ደስ ብሎታል። አላማጣ አጎት አለው፤ ዛሬውኑ ሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ። ደወል ተደወለ።

የካቲት 17

አልነገርኩትም። ብነግረው ከየት እንዳወቅኩ ይጠይቀኛል።

የካቲት 23

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት የአብዮት ጥበቃ መጥተው ፈንታውን ከክፍል ወሰዱት። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ወደኔ አላየም። ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት?

የካቲት 24

የውትድርናው ዝርዝር ተለጠፈ። ፈንታው አለበት። የኔ ስም የለበትም። እማ አልሐምዱሊላህ ብላ መሬት ሳመች። 

የካቲት 26

እትዬ ዘነበች፣ የፈንታው እናት፣ ቤት ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማ ውኃ ሰጠቻቸው፣ አልጠጡም።

"ታሂርዬ፣ ካሳ አንተን ይሰማሃል አሉኝ። ልጄን እንዲመልስልኝ ለምንልኝ።"

እሺ አልኳቸው።

እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አልከለከልኳቸውም።