ስለ ተሰባበሩት ዚሮቻችን የቀረበ ትሁት ምስጋና

ለተከበሩ ባሽሙሀንዲስ (ዋና መሐንዲስ) ሉጥፊ አብዱልቃድር
በሱዳን የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር የዘመናዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሊቀመንበር
ገዳሪፍ

ጉዳዩ፦ ጥልቅ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ይህ ደብዳቤ በማኅበራችን መሰብሰቢያ ክበብ፣ በናዲው ግድግዳ ላይ፣ እርስዎ ማስታወቂያዎን በሚለጥፉበት ቦታ ተለጥፎ ሲያገኙት ሙሉ ጤና፣ ቀዝቃዛ ውሃና የማይቋረጥ መብራት አብረውዎት እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። በሰፈራችን ሦስቱም አንድ ላይ ሲገኙበት ያየነው ቤት የእርስዎ ብቻ ስለሆነ ምኞቴ ፈጣሪን ብዙ እንደማያደክም ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኮሚቴው አዲስ መመሪያ እስኪያወጣ ድረስ።

እኔ ከማሉ ኢድሪስ እባላለሁ። ከናዲው ጀርባ ባለው መንገድ ገመድና ጀሪካን የምሸጥ፣ የሳና ባል፣ የዳሊያ አባት ነኝ። ዳሊያ አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ካላገኘች አትኖርም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን ምስጋናዬ ከየት እንደሚነሳ ግልጽ እንዲሆንልዎ ነው።

ባለፈው ዓመት በናዲው አዳራሽ ሰብስበው በግድግዳው ላይ በብርሃን ያሳዩንን ሥዕል እስካሁን አልረሳሁትም። ሳጥኖች ነበሩ፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄዱ ቀስቶችም ነበሩ። ውሃችን ወደ አንድ ታንከር፣ መድኃኒታችን ወደ አንድ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ክፍያችን ወደ አንድ ስልክ እንደሚገባና ይህም ሲስተም እንደሚባል አስረዱን። ትርፍ ነገር ማስቀመጥ ብክነት መሆኑን፣ በሠለጠነው ዓለም ዕቃ የሚመጣው በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ መሆኑንም አከሉልን። አጨበጨብንልዎ። ቀስቶቹ እውነትም ያምሩ ነበር፤ አንዱም ቀስት ወደኋላ አይመለስም፣ አንዱም ሳጥን ባዶ አልነበረም። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ዚሮቻችንን ስለ ሰበሩልን እናመሰግናለን። ከሩቅ ሆኖ ይህን ለሚያነብ፣ ዚር ማለት በየደጃፋችን ከጥላ ሥር የምናቆመው ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ነው፤ መንገደኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠጣበታል። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት እነ ደመቀ፣ ክር በአንገታቸው ያሰሩ የእኛው አገር ልጆች፣ ከዚራችን ጎንበስ ብለው ጠጥተው ለሞተው አባቴ ነፍስ ይማር ብለው ያልፉ ነበር። ኮሌራ በገባ ጊዜ ኮሚቴው እጠቡት፣ ክደኑት ብሎ ቢያዘን ኖሮ ምንኛ ኋላ ቀር በሆነ! በመዶሻ ማስሰበሩ ይበልጥ ዘመናዊ ነበር። በእርግጥ ሳና የዳሊያን ኢንሱሊን በቆርቆሮ አድርጋ፣ ከዚሩ ሥር ውሃው በሚንጠባጠብበት አሸዋ ውስጥ ቀብራ፣ በዚያ ሁሉ የገዳሪፍ ሙቀት አንድም ቀን ሳይበላሽባት ታቆየው ነበር። ነገር ግን አሸዋ ሳጥን ስላልሆነ፣ ቀስትም ስለሌለው፣ በሥዕልዎ ላይ ሊታይ እንደማይችል እንረዳለን።

፪ኛ. የአኑዋርን አህያ ከሰፈራችን ስላባረሩልን እናመሰግናለን። አኑዋር በአህያ ጋሪ ውሃ እያመላለሰ ሲያጠጣን የኖረ ሰው ነው። ፋንድያው የሰፈሩን ውበት አጠፋ ተብሎ በመታገዱ አህያውን ይዞ ወደ መፋዛ ሄዷል፤ የራሃድ ወንዝ ሰዎች ውበት ስለማያውቁ በደስታ ተቀብለውታል አሉ። አህያው ናፍጣ አይጠጣም፣ ኔትዎርክም አይጠይቅም ነበር። ከእነዚህ ጉድለቶቹ ሌላ ክፉ ነገር አላየንበትም።

፫ኛ. ስለ ሲስተሙ ሙሉ ትምህርት ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። የመስመሩ መብራት በጠፋ ሰሞን እርስዎ በአዳራሹ ያላሳዩንን ቀስቶች በራሴ ጣት ተከትዬ አገኘኋቸው። የታንከሩ ሞተር መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። ናፍጣው ከፖርት ሱዳን የሚጫነው ክፍያው በስልክ ሲደርስ ነው፤ ስልኩ ኔትዎርክ ይፈልጋል። የኔትዎርኩ ማማ ደግሞ የራሱ ጄኔሬተር አለው፤ እሱም ናፍጣ ይፈልጋል። ዞሬ ዞሬ የደረስኩት ሱቄ በር ላይ በተንጠለጠለው ባዶ ጀሪካን ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የምሸጠው የከተማችንን የጀርባ አጥንት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ቢነግሩኝ ኖሮ አክብሬ በጨርቅ እወለውለው ነበር።

፬ኛ. ስለ ማቀዝቀዣው ክፍል ማመስገን ይከብደኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ዚሩ ከተሰበረ በኋላ የዳሊያን መድኃኒት ወደ እርስዎ ክፍል አስገባን፤ ሌላ ምርጫም አልነበረንም። ክፍሉ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በሩ ላይ መቆለፊያና የኮሚቴው ማኅተም አለበት። ጄኔሬተሩ ከቆመ በኋላ ውስጡ ምድጃ እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረንም፤ ማስታወቂያው የሚላከው በስልክ ነበርና። የተበላሸ ኢንሱሊን መልኩ አይለወጥም፣ አይሸትም። ሳና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢስሚላህ እያለች፣ ልጇን ምንም በማይረባ ውሃ ስትወጋት ሰነበተች። ልጃችን ውሃ ውሃ እያለች፣ እያስመለሳት፣ በመጨረሻ ስንጠራት መስማት አቃታት። ተሸክሜያት ወደ ጤና ጣቢያ ስሮጥ አእምሮዬ ውስጥ የነበረው የእርስዎ ሥዕል አልነበረም፤ የእናቷ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር።

ዳሊያ ነቅታለች። ሐኪሙ ከሌላ ሕመምተኛ የተረፈች ጥቂት መድኃኒት ሰጥተውን ነበር፤ እሷም ትናንት አለቀች። በገዳሪፍ ፋርማሲዎች የለም። ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ሰው ልከን የለም ተብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ሳና ከዚሩ ስብርባሪ መካከል ግማሽ ጋን የሚያህለውን የታችኛውን ክፍል አንስታ አሸዋ ሞልታበታለች፤ ከምንጠጣው ውሃ ቀንሳም ታረጥበዋለች። የሚቀበር የራሳችን መድኃኒት ሳይኖር አሸዋ የምታረጥበው ለምን እንደሆነ ልጠይቃት ድፍረት አላገኘሁም።

፭ኛ. አምስተኛ ነጥብ የለኝም። ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል ብዬ በትርፍነት ያስቀመጥኩት ቁጥር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መመሪያዎን ዘንግቼ ነው።

የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ምንም እንዲደረግልን አልጠይቅም። ዚር የሚሠሩት ሴቶች በጦርነቱ ተበትነዋል፤ አኑዋር አይመለስም፤ ናፍጣ ቢመጣ እንኳ የሚቀጥለው መቋረጥ እስኪደርስ ነው። እርስዎ ክፉ ሰው እንዳልሆኑም አውቃለሁ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ነገር ተርፎን ይሆን ነበር፤ ክፉ ሰው እንዲህ ሁሉን ነገር አጥርቶ አይጨርስም። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ከተሞችም ከእኛ በረዘመ ቀስት ታስረው በዚሁ መንገድ እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ ልዩነቱ የእነሱ ጀሪካን ገና አለማለቁ ነው። ይህ ግን አያጽናናኝም። እፈራለሁ፤ ልጄ ተኝታ ሳያት በጣም እፈራለሁ።

የኮሚቴው ጥላ እንዳይለየን፣ ለእርስዎም ዕድሜና ከሁሉም በላይ ናፍጣ እንዲሰጥልን እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የማይረባው አገልጋይዎ
ከማሉ ኢድሪስ
ጀሪካን ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለቆመው ጄኔሬተር
ለአኑዋር አህያ፣ መፋዛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ ሾፌርዎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቤታችን መጥቶ ነበር። የእርስዎም ቤት ጄኔሬተር ናፍጣ እንደ ጨረሰ፣ የእናትዎ የሐጃ ኢንቲሳር ኢንሱሊን እንዳይበላሽ በሰፈሩ ውስጥ ከቀረችው ከሳና ስባሪ ዚር ውስጥ እንድናስቀምጥልዎ በትሕትና እንደለመኑን ነገረን። ሁለት ብልቃጥ ነበር። ስላመኑን እናመሰግናለን። አንደኛው በእርጥቡ አሸዋ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ በፈለጉ ጊዜ ልከው ያስወስዱ። ሁለተኛውን ዛሬ ጠዋት ለዳሊያ ከፍቼዋለሁ። ሐጃ ኢንቲሳር በደጃፋችን ባለፉ ቁጥር ዳሊያን ሳይመርቁ ሄደው አያውቁም፤ እርሳቸውን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእርሳቸውን የአንድ ወር መድኃኒት ወስጄ ለልጄ እንደሰጠሁ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እርስዎን ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ሁለተኛው ብልቃጥ ትርፍ ነበር፤ ትርፍ ነገር ማስቀመጥ ብክነት መሆኑን ደግሞ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።