የጆንያው ስፌት

ሆሳዕና፣ ኅዳር 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ ባለቤትዎስ? የአዲስ አበባ ብርድ ወገብዎን እንዴት ያደርገዋል? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድምዎ እስር ቤት ተኝቶ ደህና ነን ማለት መዋሸት ይሆንብኛል። ከዚህ ቤት የሚዋሽ ሰው ደግሞ አንዱ ጴጥሮስ ይበቃል።

ሾፌርዎ ኤሊያስ መልእክትዎን አድርሶልኛል። ለጴጥሮስ ዋስ ሆነው እንደሚያስወጡት፣ ከዚያም ነገሩ እስኪረሳ ሞያሌ ዘመድ ዘንድ እንደሚልኩት ነገረኝ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ከሄደ በኋላ መቼ እንደሚመለስ ብጠይቀው ኤሊያስ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እርስዎ አልነበሩምና ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። በመስቀል መጥተው ሁለት ጆንያ የአላባ በርበሬ ትተውልን እንደሄዱ ያስታውሳሉ። ጴጥሮስ በሚሠራበት ትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ይዞልዎ እንዲመጣ ነበር። ወንድምዎን ያውቁታል፤ እርስዎ ያዘዙትን ነገር ከፍቶ የማየት አመል የለውም። ኬላው ላይ ፈታሹ አንዱን ጆንያ በረጅም ብረት ወጋው አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሕዝብ ሲያስነጥስ ፈታሹ ብቻ አላስነጠሰም፤ ብረቱ በርበሬ ያልሆነ ነገር ነክቶበታል። ከበርበሬው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ሐሺሽ ወጣ።

ጴጥሮስ የዚያን ዕለት «አላውቅም፣ የእኔ አይደለም» ብሎ ነበር። ይህን ያየ የአውቶቡሱ ረዳት ነግሮኛል። በማግስቱ ስንቅ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ዘበኛው፣ ስንቅማ ገብቶለታል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አብሮት ተቀምጧል ብሎ መለሰኝ። ኤሊያስ ነበር። እኔ ገና ለማንም አላስታወቅሁም፤ ታዲያ ኤሊያስ በምን ክንፍ በርሮ ደረሰ? አውቶቡሱን ከኋላ ይከተል የነበረ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ አይፈጥንም። እሱ ከወጣ በኋላ ጴጥሮስ ዕቃው የእኔ ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፖሊሶቹን ነው። ዘመኑን ያውቁታል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ደግሞ እኛን የሚያይ ዓይን ሁሉ ቀና አይደለም። እንድጠይቀው ሲፈቀድልኝ ሌላውን ነገር ትቼ ጫማህን አውልቅ አልኩት። ውስጥ እግሩ እንደ ሕፃን እግር ንጹሕ ነው። ጀርባውንም አየሁት፣ ማንም አልነካውም። ታዲያ ማን አስገደደህ ብዬ አለቀስኩበት። አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ማን እንዳሳደገኝ ታውቂያለሽ።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? ስንጥሩ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉትን አቶ ገብረወልድን አማከርኳቸው። ተገርፎ የሰጠው ቃል ቢሆን ዳኛው አይቀበሉትም ነበር፣ ወዶ የሰጠው ቃል ግን አንገቱ ላይ የታሰረ ገመድ ነው አሉኝ። ዋስ አግኝቶ ወጥቶ ቢጠፋስ ብላቸው፣ የባሰ ነው፣ የሸሸ ሰው ቃሉን መልሶ ሊያስተባብል አይችልም፣ ፋይሉም በእሱ ስም እንደተከፈተ ይኖራል፣ እሱም አገሩን አያይም አሉ። ያኔ ሞያሌ ትዝ አለችኝ። እርስዎን ጠረጠርኩ አላልኩም። ትዝ አለችኝ ብቻ ነው ያልኩት።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ገባሁ። ዳኛው ቃሉን በፈቃዱ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት፤ በፈቃዴ ነው አለ። ያስፈራራህ ሰው አለ ወይ አሉት፤ የለም አለ። ጆንያውን አስመጥተው ይህን ማን ሰፋው አሉት፤ እኔ ነኝ አለ። ጋሼ፣ እኔ ሳቄ መጣ። የሸሚዙን ቁልፍ መትከል የማይችል ሰው! ዐቃቤ ሕጉ ሐሺሽ የሚያዘዋውር ሰው ከተለቀቀ አይመለስምና ዋስትና ይከልከል ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አሳደሩት፤ ዋስ እሆናለሁ የሚለው ሰው በወኪል ሳይሆን ራሱ ቀርቦ ይጠየቃል አሉ።

ጆንያው የተቀደደው በሆዱ በኩል ነው። አፉ እንደተሰፋ አለ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ አየሁት። በመስቀል ጓሯችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲሰፉት፣ እንግዳ ሥራ አይሠራም፣ ልስፋልዎ ብዬ ለምኜዎት አልነበር? አይሆንም ብለው ሳቁ። በግራ እጅዎ ስለሆነ የሚሰፉት ቃጫው ሁሉ ያዘነበለው እኛ ከምንሰፋው በተቃራኒ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱም ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ወደ ውስጥ ቀበሩትና፣ ይህን ቋጠሮ ከእናታችን ነው የተማርኩት፣ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም ብለው አሳዩኝ። እውነትዎን ነው። እናታችሁ ስትሞት ጴጥሮስ ጡት አልጣለም ነበር፤ ከየት ይማረዋል?

እንዲህ ስጽፍልዎ አፍራለሁ። ለጴጥሮስ አባት ሆነው አሳድገውታል፣ አስተምረውታል፣ እኛንም ሽማግሌ ልከው የዳሩን እርስዎ ነዎት። ይህን አልካድኩም። ግን ሰው ያሳደገውን በሬ እንኳ ሲያርድ ፊቱን ያዞራል። እርስዎ ስንቅ አስይዘው ነው ሰው የላኩበት። ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። ልጆቹ አባታችን መቼ ይመጣል ሲሉኝ የእናንተን ቤት ውለታ እየቆጠርኩ ልመልስላቸው አልችልም።

ስለዚህ ይምጡ። ዋስ ከሚሆኑለት ወንድም ቢሆኑት ይሻለዋል። አቶ ገብረወልድ እንዳሉት የዕቃው ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ወዶ ዳኛ ፊት ቢቆም የጴጥሮስ ቃል ዋጋ ያጣል። ቢቀሩም ያውቃሉ፣ መቅረትም ቃል ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይቀየሙኝ። በእኛ ደንብ ያገባች ሴት የባሏን ታላቅ በስሙ አትጠራም። ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ ስምዎ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰሞኑንም ማንም ቢጠይቀኝ አልጠራሁትም፣ ደንቡን አላፈረስኩም። እኛ ሴቶች የማንጠራውን ነገር በሌላ ነገር ማስረዳት ከልጅነት ለምደናል።

እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልዎ፤ ልብዎንም ከመንገዱ ጋር ያቅናው። ለባለቤትዎና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

በመስቀል ጊዜ ግድግዳው ላይ ሰክተው የረሱትን ወስፌ አያስቡ። ሲመጡ ሌላ ይዘው መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ከጆንያው ጋር አንድ ላይ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

አክባሪዎ፣
የታናሽ ወንድምዎ ሚስት