የእትዬ ሀዋ ማሾ

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

እትዬ ሀዋ የእርሻ መድኃኒት ሱቄን ሳልከፍት ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈተው አምስት ስድስት የማሾ ቅጠል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ። ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ጎብጧል፣ ቀንበጡ ተጠማዟል፣ አናቱ ወደ መሬት ዞሯል።

"በሽታ ነው እንዳትለኝ፤ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ" አሉኝ።

እኔም አውቄዋለሁ። ትል እንዲህ አያደርግም። ጤፍ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ነው። ጤፉን አይነካም፤ ማሾን፣ ሽምብራን፣ በርበሬን ካገኘ ግን እንዲህ አድርጎ ያጠማዝዛል።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የእትዬ ሀዋ ማሳ ከጎረቤታቸው ከአያ ደምሴ የጤፍ ማሳ ጋር በአንድ ወሰን ይገናኛል። አያ ደምሴ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ጤፋቸውን የአረም መድኃኒት ረጩ፤ ነፋስ ነበር። ቅዳሜ የእትዬ ሀዋ ማሾ መጨማደድ ጀመረ። አያ ደምሴ ራሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው ብለው አምነዋል። እትዬ ሀዋ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ሰላምታ ነስተዋቸዋል። በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ከኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ማሾው ይድናል ወይስ አይድንም። ነገ መጥቼ አያለሁ አልኩ።

ማሳቸው ሁለት ጥማድ ነው፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ። ሌላ መሬት የላቸውም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁልጊዜ ማሽላ ነበር የሚዘሩት፤ ዘንድሮ ሙሉውን ማሾ ያደረጉት እኔ እገዛለሁ ስላልኳቸው ነው። ማሽላውን አቀንጭራ የሚባለው አረም እየጨረሰባቸው ስለነበር ምክሩ መጥፎ አልነበረም። አሁንም መጥፎ ነበር አልልም።

የሽንኩርት ዘር ከወልድያ አልመጣም። መብራት የለም። ከሰዓት ዝናብ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው፤ መርሳ ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ይጮኻል። እስከ ግራና በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው።

ማሳውን ከታች ጀምሬ ዞርኩት። ከታች በወንዙ በኩል ያለው በጣም ተጎድቷል፤ ቀና ያለ ተክል የለም። መሃሉ ላይ ቀለል ይላል። ከላይ፣ በአያ ደምሴ ጤፍ ጥግ ያለው ግን አረንጓዴ ነው፣ አበባ እየያዘ ነው።

ከወሰኑ ላይ ወደ ታች ዞሬ አየሁ። ነፋስ ከጤፉ ወደ ማሾው ይዞት ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የላዩን ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ሆኗል።

"የላዩ እንዴት ተረፈ?" አልኳቸው።

"ነፋስ ዘሎ ነው የሚወርድ" አሉኝ። እንደዚያ ብለው ለራሳቸው አስረድተውታል።

ከዚያ ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ከአፌ ወጣ። ሐሙስ ዕለት ማሾውን የክሽክሽ፣ የዚያን ቅጠል መጣጭ ተባይ፣ መድኃኒት ሲረጩ ከየት ነበር የጀመሩት? መርጫውን ራሳቸው ናቸው የሚሸከሙት፣ ሰው አይቀጥሩም። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ውሃው ቅርብ ስለሆነ አሉ። የመጀመሪያውን ፓምፕ ሞልተው ከታች ረጩ፣ ሁለተኛውን ከዚያ በላይ፣ እንዲህ እያሉ እስከ ወሰኑ። የመጨረሻው ፓምፕ ያረፈው ጤፉ ጥግ ነው።

የመጀመሪያው ፓምፕ የነካው ሞቷል፤ የመጨረሻው የነካው ደህና ነው። ይህ ነፋስ አይደለም። ፓምፑ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር፤ ውሃ በተሞላ ቁጥር እየሳሳ ሄደ።

ፓምፑ የኔ ነው። የማከራየው።

ቤት ገብቼ ደብተሬን አየሁ። ሰማያዊው ፓምፕ፣ ረቡዕ፦ ደምሴ፣ ለጤፍ። ሐሙስ፦ ሀዋ፣ ለማሾ። ማየትም አያስፈልገኝም ነበር፤ አስታውሰዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። አያ ደምሴ ፓምፑን ይዘው መጡና "ልጠበው?" አሉኝ። ይተዉት፣ ሰው እየጠበቀው ነው አልኩ። ሲጠብቁ የነበሩት እትዬ ሀዋ ናቸው።

"ሳይታጠብ አይመለስም" ብዬ ካርቶን ላይ የጻፍኩት ማስታወቂያ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ሲሪንቃ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ሄድኩ። እዚያ አንድ የማውቀው የሰብል ባለሙያ አለ። ቅጠሉን አሳየሁት። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ገጠመው አልኩ።

ያለኝን እንዳልረሳው እጽፋለሁ፦
ቀንበጡ ካልደረቀ ከጎን አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ሊዘገይ ይችላል፣ ፍሬውም ሊያንስ ይችላል።
አናቱ የደረቀውን መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው። አርሶ እርጥበቱ ሳይሄድ ሽምብራ መዝራት ይሻላል፤ ጥቁር አፈር ከሆነ ጥሩ።
ፓምፕ በውሃ ብቻ አይጠራም። ሳሙና፣ ሦስት ጊዜ፣ ቱቦውና አፍንጫው ሳይቀር።
ከሁሉ የሚሻለው ለአረም ሌላ ፓምፕ፣ ለተባይ ሌላ ፓምፕ መያዝ ነው።

"መርጫው የማን ነው?" አለኝ።

ከገበያ የተከራዩት ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ተመልሼ አምስቱንም ፓምፖች በሳሙና አጠብኩ። እጣቢውን ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሁለቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ፤ እነዚህ ከእንግዲህ ለአረም ብቻ ናቸው። ይህን ለማድረግ የሰው ማሳ መጥፋት አልነበረበትም።

አመሻሹ ላይ አያ ደምሴ መጡ። ፍልሰታን እየጾሙ ነው፣ ፊታቸው ከስቷል። ቅዳሜ እንድገኝላቸው ይፈልጋሉ። ለሽምግልና አይደለም፤ ገማች እንድሆን ነው።

"አንተ ነጋዴ ነህ፤ ማሾው ቢደርስ ስንት ኩንታል ይወጣው እንደነበር፣ ምን እንደሚያወጣ ታውቃለህ። እሷም አንተን ታምናለች፣ እኔም አምንሃለሁ። ያልከውን ከጤፌ ላይ እሰጣለሁ" አሉ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ገዢ ጥቂት። አንድ ደንበኛ የታጠቡትን ፓምፖች ተደርድረው አይቶ "ሰይድ፣ ልትድራቸው ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ።

ነገሩን በሁለቱም በኩል አየሁት። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አያ ደምሴ አምነዋል፣ እትዬ ሀዋ ተቀብለዋል፣ ሁሉም የሚያስበው ነፋስ ነው። ብናገር ፓምፕ የተከራየኝ ሁሉ በርበሬው በጠወለገ ቁጥር እኔ ደጅ ይመጣል። ግማሹ እውነቱን ይሆናል፣ ግማሹ አይሆንም፣ ለሁለቱም መልስ መስጠት አለብኝ። መርሳ ላይ የመድኃኒት ሱቅ የኔ ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ለቅዳሜ የምናገረውን ግምት ሳላስበው እያወጣሁ ነበር፣ ዝቅ አድርጌ። ለአያ ደምሴ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ትንሽ ከተባለ ጥፋቱም ትንሽ ይሆንልኛል ብዬ ነው። እንግዲያ የሚጎዱት እትዬ ሀዋ ናቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ።

ምሳ ላይ ለዘይነባ ነገርኳት። ባለቤቴ ብዙ አትጠይቅም። እንጀራውን እያጠፈች "ቅዳሜ ምን ያህል ልትል ነው?" አለችኝ። ቁጥር አልነበረኝም። "እንግዲያ አትገምት" አለችና ሳህኑን አነሳች።

ነገ ከጁምዓ በኋላ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ሰው ፊት ከመስማታቸው በፊት ከኔ ይስሙት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

እትዬ ሀዋ የተቀቀለ የበቆሎ እሸት አቀረቡልኝ። ይዤው ቁጭ አልኩ። የመጣሁበትን ሳልናገር መብላት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ቶሎ ተናገርኩ። ፓምፑን፣ አያ ደምሴ ልጠበው ማለታቸውን፣ እኔ ይተዉት ማለቴን፣ ማሳው ከታች ወደ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሆነ። ሰበብ አልጨመርኩም።

የበቆሎውን ድስት ከደኑት። በኋላ "ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?" አሉ።

"ሱቁ ደጃፍ ላይ። ባጃጁ እንዳያመልጥዎ እያጣደፉኝ ነበር።"

"አጣድፌሃለሁ፣ አዎ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። "እንዲህ ስል ግን ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ማሳዬ ነው የጠፋው። ያጣደፈህ ሁሉ ቆሻሻ ዕቃ ይዞ ይሂድ እንዴ?"

አይደለም አልኩ።

"ደምሴ ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ቤት ውስጥ ሆኜ የለችም አስባልኩ። እሱ በጾም አፉ።" ይህን ሲሉ እኔን አያዩኝም ነበር።

ካሳውን እዚሁ ለሁለታችን እንጨርሰው፣ ቅዳሜ ሽማግሌው ይቅር አልኩ። አሁን ሳስበው ይህ የነጋዴ ሐሳብ ነበር። ወዲያው ገባቸው።

"ሰይድ፣ እሱ በሰው ፊት ነው ጥፋተኛ የሆነው። አንተም በሰው ፊት ትለዋለህ። ነገ ቀርተህ ሰው ብትልክብኝ ወላሂ ሁለተኛ ሱቅህን አልረግጥም።"

እመጣለሁ አልኩ። ልነሳ ስል በቆሎውን በዓይናቸው እያሳዩ "ብላው እንጂ፤ እሱ ምን አደረገህ?" አሉኝ።

በላሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ወሰኑ ላይ፣ በጤፉና በማሾው መካከል ተቀመጡ። አያ ደምሴ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከፊት ነበሩ። ዱዓ ተደረገ። ገማቹ ይናገር ተባለ።

ቆሜ እኔ ገማች መሆን አልችልም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ትናንት ለእትዬ ሀዋ የነገርኩትን እንደዚያው ደገምኩት። ከዚያ ከታች ጀምረን ሁላችንም ማሳውን አብረን ወጣነው። የላዩ ጥግ ስንደርስ አንደኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አበባውን ነካ አደረጉና "ነፋስስ መጀመሪያ ይህችን ነበር የሚያገኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የተቆጡት አያ ደምሴ ናቸው። ቀለለኝ ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"ልጠበው ብዬህ ነበር" አሉ።

"ብለውኝ ነበር።"

"ረቡዕ ዕለት ሱቅህ መጥቼ ገምትልኝ ስልህስ? ያን ጊዜ አታውቅም ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጋቢያቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ጤፋቸው መለሱ። ከተናገሩት ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ።

አንደኛው ሽማግሌ "እንግዲያ ሥራችን ቀለለ፤ ገማቹ ራሱን ይገምታ" አሉ። ሰው ሳቀ። አያ ደምሴ አልሳቁም።

ያለቀው እንዲህ ነው። የጎደለውን ፍሬ እኔ እተካለሁ፤ ልኩ በአጨዳ ጊዜ ከላዩ ምርት ጋር ተያይቶ ይታወቃል። ለሚታረሰው የሽምብራ ዘር ከኔ ነው። የቀረውን ማሾ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እገዛለሁ፣ ጥራቱ ወረደ ብዬ አልቀንስም። የመጨረሻውን እትዬ ሀዋ ናቸው ያስጨመሩት። እኔም ብሆን አስጨምረው ነበር።

የትኛው ይታረስ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ክርክር አስነሳ። ሁሉም ይታረስ ያሉ ነበሩ፣ ሳምንት ይጠበቅ ያሉም። እትዬ ሀዋ ወደኔ ዞረው "ማሳው ያንተ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?" አሉኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔን መጠየቃቸው ገረመኝ። የታችኛውን ግማሽ አርሰው፣ የላይኛውን ይጠብቁ አልኩ። መሃሉ ላይ አንዳንዱ ተክል ከጎኑ ትንሽ ቅጠል አውጥቷል፤ በጣት ገለጥ ካላደረጉት አይታይም። እንዲያ ይሁን አሉ።

ከዚያ ወደ አያ ደምሴ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ነበር። እትዬ ሀዋ ረጅም ተናገሩ፣ አያ ደምሴ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ፣ መጨረሻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የሚያርሱት በሬዎች የአያ ደምሴ ናቸው። ነገ እሑድ ነው፣ ሰኞ ይጠመዳሉ።

እስከ መኪና መንገዱ ድረስ አያ ደምሴ አብረውኝ ወረዱ። መንገዱ አንድ ስለሆነ እንጂ እኔን ለመሸኘት አልነበረም። ግራና መግቢያ ላይ ስንደርስ "ከእንግዲህ ካንተ አልከራይም፤ የራሴን ፓምፕ እገዛለሁ" አሉኝ። ልክ ነዎት አልኩ። ሱቄ ውስጥ ሦስት አዲስ ፓምፕ ሳይሸጥ እንደተቀመጠ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ቀኑ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ዘሩን ጭኜ እሄዳለሁ። ማሳውን ሳየው የታችኛው አልቆለታል፣ የላዩ ደህና ነው። መሃሉን አላውቀውም። ባለሙያውም አላወቀውም። እትዬ ሀዋ ግን መሃሉ ላይ በሬ እንዳይገባ ዛሬውኑ እሾህ አጥረዋል።