ከምንጩ በላይ የታጠበው ቆዳ

የልጆቼ እናት የውብዳር፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ ደኅና ነው። ትልቋ ልጅሽ ዳዊት ደገመች፤ የተከልሽው ጌሾም አጥሩን አልፏል። የቀን ውሎዬን በማስታወሻዬ እጽፋለሁ፤ የዛሬውን ግን ላንቺ ካልነገርሁ አይወጣልኝም።

የጤና ጣቢያውን ሦስት ሰዎች ታስታውሻለሽ። የጤና መኮንኑ ባለመደገፊያውን ወንበር ለማንም አይለቅም ነበር። ነርሷ የመድኃኒቱን ቁልፍ ባንገቷ አንጠልጥላ ለመኮንኑ እንኳ አትሰጥም። ውሃና ቆሻሻ የሚቆጣጠረውን ሳኒታሪያን ደግሞ ሁለቱም «የሽንት ቤት ሹም» ይሉታል። ይህን ሳወራልሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

ያን ጊዜ ሳኒታሪያኑ፣ ከሮብ ገበያ የማመጣውን ቆዳ ከምንጩ በላይ እንዳላጥብ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስቱ ካልፈረሙበት አይጸናም ነበር። መኮንኑ «ስሜ ከሱ ስም ሥር አይውልም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ይህን አንቺ አታውቂም፤ እኔ መኮንኑን ቤታችን ጠርቼ ጠላ እየቀዳሁ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ እያሉ የሽንት ቤት ሹም ያዛል?» አልሁት። ደብዳቤው በዚያው ቀረ። እኔ ከላይ ቆዳዬን አጠብሁ፤ አንቺ ከታች ቀዳሽ። በጥቅምት የአንጀት ተስቦ ጣለሽ፤ አልተነሣሽም። ነርሷ «ከምንጩ ነው» ስትል ሰምቻለሁ፤ ቆዳዬን ግን እዚያው ማጠቤን ቀጠልሁ።

ሰሞኑን ሦስቱን አብሮ መምራት የሚያሠለጥን አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ባለመደገፊያውን ወንበር ዕቃ ቤት ቆልፎበት ሦስቱን ባንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። እንደ ማኅበር ጽዋ በየሳምንቱ ተራ አወጣላቸው፤ ባለተራው ሲያዝ ሁለቱ ይታዘዛሉ። ገበያተኛው «ወንበር ታሰረ!» እያለ ሳቀ። እኔም ንቄያቸው ሳቅሁ።

ዛሬ ያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሦስቱ ስም ጎን ለጎን ነው፤ የበላይ የለውም። ተራው የሳኒታሪያኑ ነበርና ይዞት የመጣው መኮንኑ ራሱ ነው። ዐይኔን ማየት አቃተው፤ እኔም የሱን። ጠላ ይቅመሱ አላልሁትም።

የነሱን ጠብ ስጸየፍ ኖርሁ። ጠቡን ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብሁ፤ የቆዳው ሽታ አለቀቀም።

ነገ ቆዳውን ከምንጩ በታች አወርዳለሁ። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ታዝዤ ነው» አልልም፤ ስምሽን ጠርቼ እውነቱን እናገራለሁ። ልጅሽም እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ከሄደችበት እስክትመለስ ድረስ፣ በየቀኑ፣ ደጃፍ ቆሜ አስብሻለሁ።

ባልሽ