የእናቴን ፓስፖርት የሰፋሁት እኔ ነኝ

ለአየር ማረፊያው የመግቢያና የቪዛ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 19

አመልካች፦ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ፣ የተያዙት እንግዳ ልጅ

ጉዳዩ፦ በሐሰተኛ ሰነድ የተጠረጠሩት እናቴ ወደመጡበት ከመመለሳቸው በፊት ሥራውን የሠራሁት የእኔ ቃል እንዲሰማ ስለመጠየቅ

1. እናቴ ትናንት ማምሻውን ከአውሮፕላን ከወረዱ ጀምሮ በመግቢያ ቁጥጥሩ ማቆያ ክፍል ይገኛሉ። ፓስፖርታቸው ተወስዷል። ዛሬ ማታ በሚነሣው በረራ እንዲመለሱና ለአምስት ዓመት ወደዚህ አገር እንዳይገቡ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለክቡርነትዎ መቅረቡ ተነግሮኛል።

2. እናቴ የመጡት ለዓይን ሕክምና ነው። ቪዛውም የተሰጣቸው ለዚሁ ነው። ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የእኔ የጋባዥነት ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የጉዞ ዋስትና፤ ከተጠየቀው አንዱም አልጎደለም። ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ግራው ጨርሶ ጠፍቷል። በቀኙ ላይ ግፊትም ስላለ ሕክምናው ከዚህ ወር ካለፈ ሊድን እንደማይችል ሐኪሙ በጽሑፍ አስታውቋል።

3. የተያዙበት ምክንያት ፓስፖርቱ እንደገና የተሰፋ ሆኖ በመገኘቱ ነው። የያዟቸው መኮንን በጽሕፈት ቤቱ መስኮት በኩል እንዳስረዱኝ የፓስፖርት ክር በልዩ መብራት ሲታይ ያበራል፤ ይኸኛው አያበራም። ስለዚህ ገጽ ተቀይሮ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል። በክሩ ነገር መኮንኑ ትክክል ናቸው። ክሩ የፓስፖርቱ አይደለም፤ የእኔ ነው።

4. ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ፓስፖርታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከፍራሽ ሥር ስለሚያኖሩት ጀርባው ተላቆ ገጾቹ ሊወልቁ ደርሰው አገኘሁት። እኔ ዕድሜዬን መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ የላላ ጥራዝ እያዩ ማለፍ ነውር ነው፤ ደንበኛው ባይጠይቀን እንኳ አጥብቀን እንመልስለታለን። ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና ኮላ ከሻንጣዬ አይጠፉም። በቤታቸው መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። እናቴ ጀርባውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እሰይ የእኔ ልጅ! ከአዲሱም በለጠ» አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አሮጌውን መልሶ አዲስ ማውጣት እንደሚገባ ያን ቀን በሐሳቤም አልመጣም። አንድም ገጽ አላወጣሁም፣ አልጨመርኩም። ቪዛው የተለጠፈውም ከተሰፋ በኋላ ነው፤ ያኔ ያስተዋለ አልነበረም።

5. ነገሩን ያከበደው የእናቴ ቃል ነው። «ማን ሰፋው?» ተብለው ሲጠየቁ «እኔ» ብለዋል። ቃላቸውን የተረጎመችው አስተርጓሚ እንደነገረችኝ መኮንኑ ጥያቄውን ቢደግሙባቸው ተቆጥተው፣ «ስድስት ልጅ ሰፍቼ ያለበስኩ ሴት ይቺን መስፋት ያቅተኛል? ምን ነካህ ልጄ!» አሏቸው። ይህ ቃል ተጽፎ የጣት አሻራቸው አርፎበታል። ዛሬ ጠዋት በአስተርጓሚዋ ስልክ አገናኙኝ። «እማዬ፣ ምነው እውነቱን ብትነግሪያቸው?» አልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ አርፈህ ተቀመጥ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ቢበዛ ወደ ቤቴ ቢመልሱኝ ነው። አንተ የልጆች አባት ነህ» አሉኝ። ልመልስ ስል «በል፣ የሰው ስልክ ነው፣ ይቆጥራል» ብለው ዘጉት። የዓይን ጠብታቸውን ማድረግ አለማድረጋቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጠብታው በተያዘው ሻንጣ ውስጥ ነው።

6. ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ያለው በዚሁ ሕንፃ፣ ከእርስዎ ቢሮ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ባለቤቴ ይህን ማመልከቻ ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ፣ «እሳት በእጅህ እየጨበጥክ ነው፤ ቢያንስ ሙያህን አትጻፍ» ብላኛለች። ከዚህ በፊት የጀመርኩትን ወረቀት የቀደድኩትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን እናቴ ግድግዳ እየዳበሱ፣ በእኔ ጥፋት፣ ቀሪ ዓይናቸውን ይዘው ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ ይታየኛል። የሚብሰው ፍርሃት ይኸኛው ሆነብኝ።

7. ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ለእናቴ መርፌና ክር እንዲሰጣቸው እለምናለሁ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ካሾለኩ የሰጡት ቃል ይጽናባቸው። አይችሉም፤ ከቪዛ ማመልከቻቸው ጋር የተያያዘው የሐኪም ማስረጃ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከፊታቸው የተዘረጋ ጣት መቁጠር እንዳቃታቸው ይናገራል። ለእኔ ደግሞ ማንኛውም የላላ ደብተር ይቅረብልኝና በመኮንኑ ፊት ልስፋው። አሰፋፉንና የመጨረሻውን ቋጠሮ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይተው ይፍረዱ። ገጾቹም ፓስፖርቱን ካወጣው መሥሪያ ቤት ጋር ይመሳከሩ። ይህ እስኪጣራ እናቴ በእኔ ዋስትና ገብተው እንዲታከሙ፣ ቅጣት ካለም በእኔ ላይ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ጠብታውን ግን፣ ውሳኔው ምንም ይሁን ምን፣ አሁኑኑ እንዲያደርሱላቸው ይዘዙልኝ።

8. ውሳኔው ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚፈረም ጸሐፊዎ ነግረውኛል። ወስፌዬን ጥበቃው መግቢያው ላይ ተቀብሎኛል፤ ክሩ ኪሴ ውስጥ ነው። እስኪጠሩኝ ድረስ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር አልነሣም።

ከደጅዎ ሆኜ ከማቀርበው አክብሮታዊ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልጃቸው፣ መጽሐፍ ጠራዡ